ተረኛ መስኮት

ሰኔ ነው በቫልዲቪያ፤ ከሚያዝያ ወዲህ ቆርቆሮው ዝም አላለም፤
የእርጥብ እንጨት ጭስ ወንዙን ተደግፏል፤ አይነሣም፣ አይተኛም።
የዓሣ ገበያው ተዘግቶ፣ የባሕር አንበሶች በራፉ ላይ እያንኮራፉ፣
ተረኛ ነኝና እኔ ነቅቻለሁ፤ ሌሎቹ ፋርማሲዎች አረፉ።

መስኮቴ ጠባብ ነው፤ እጅና ድምፅ እንጂ ፊት አያሳልፍም፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በሳሉ ለየሁ፤ ብዙውን በስሙ አላውቅም።

መጀመሪያ የመጣች ተማሪ ናት፤ መሐረብ አፍንጫዋን ልጦት፣
«ዶኛ ሬሚሂያ፣ ሞትኩልሽ!» አለች፤ ሳቅና ንጥሻ ባንድ ላይ አፍኗት።
«መቼ ጀመረሽ?»
«ሰኞ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ ማክሰኞ አፍንጫዬ ፈሰሰ፤
ረቡዕ ሳስነጥስ ዋልኩ፤ ዛሬ ጭንቅላቴ ጥጥ ለበሰ።»
ትኩሳት? የለም። ምግብ? «ሁለት ሳህን በላሁ።»
ይኼ ጉንፋን ነው፤ በእግሩ የመጣ፤ አመሉን አውቃለሁ።
ለአፍንጫዋ የጨው ውሃ፣ ለጉሮሮዋ የሚመጠጥ፤
«ማር ቤትሽ አለ፤ የቀረውን እንቅልፍ ይስጥ።»

ጉንፋን ደጅ ይጠናል፤ አንኳኩቶ፣ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤
ኢንፍሉዌንዛ ግን በር ገንጥሎ ነው፤ ገብቶም አልጋህን ይነጥቃል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ናውዌልፓን መጣ፤ ጀልባ ቀዛፊው፣ ጎምላላው፤
እጁ ሳይደርስ ሙቀቱ ደረሰኝ፤ በመስኮቱ ዘንበል ሲል ጥላው።
«ቀትር ላይ ደህና ነበርኩ፤ ገመድ ስስብ፤ አሥር ሰዓት ላይ
አንድ ሰው በመቅዘፊያ ጀርባዬን የመታኝ መሰለኝ፤ ዞሬ ባይ
ማንም የለም።»
አጥንቱ፣ የዓይኑ ጀርባ፣ የፀጉሩ ሥር ሳይቀር ያመዋል፤
ቴርሞሜትሩን ወደ መብራቱ አዞርኩት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።

ሦስት ሳጥን ጠየቀኝ፤ አንዱን ለራስ ምታት፣ አንዱን ለትኩሳት፣
አንዱን በሙቅ ውሃ የሚበጠበጥ፤ ጎረቤቱ በወረቀት ጽፋለት።
መነጽሬን አወረድኩ። ከሳጥኑ ጎን፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣
ሦስቱም ፓራሲታሞል! አንዱ ቀይ ለብሷል፣ አንዱ ሰማያዊ፣
አንዱ ደረቱ ላይ የሎሚ ሥዕል።
ልብስ ቢለዋውጥ ያው አንድ ሰው ነው፤
የሦስቱን ዕዳ ግን የሚከፍል አንድ ጉበት ነው።
«አንዱን ብቻ ውሰድ፤ ከተጻፈው አትለፍ፤ ውሃ ጠጣ፤ ጀልባው ይታሰር።»
«ደም ግፊትስ?» «አለብኝ።»
የአፍንጫ መክፈቻውን ክኒን ወደ መደርደሪያው መለስኩት፤ እዚያው ይደር።

«አንቲባዮቲክስ…» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘመድ እንደሚለምን።
«እሱ ጠላቱ ባክቴርያ ነው፤ የአንተ ቫይረስ ነው፤
ሰይፉን በባዶ ቤት መዞ ምን ሊፈይድልን?»
«አንቺ ሴትዮ፣ መሸጥ አትችይም» ብሎ ሳቀ፤
ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስከ ወደቡ ዘለቀ።

በአምስተኛው ቀን ድኖ መጣ፤ የታጠነ ዓሣ አመጣልኝ።
በሰባተኛው ሌሊት ያንኳኳችው ሚስቱ ናት፤ «ኧረ አንድ ነገር ስጪኝ!»
ትኩሳቱ ሄዶ ተመልሷል። አንድ ቃል ይላል፣ አየር ይለምናል፤
ሁለተኛውን ቃል ሳይጀምር ደረቱን ይይዛል።
ዞሬ መደርደሪያዬን አየሁት፤ ከወለል እስከ ጣራ ሳጥን፤
ለዚህ አንድም የለም። ሠላሳ ዓመት የተማርኩት ይኼን ይሆን?

መብራቱን አጠፋሁ። ተረኛዋ መስኮት ያን ሌሊት ጨለመች፤
አሮጌ መኪናዬ እስከ ሆስፒታል በዝናብ እያስነጠሰች።
የሳንባ ምች አሉ። በጊዜ ደርሷል አሉ።
ሌላ ያሉትን አልሰማሁም፤ ጉልበቶቼ ተንቀጠቀጡ፣ ዛሉ።

አሁን ነሐሴ ነው፤ የጀልባው ጥሩምባ ማለዳ ይሰማኛል።
ጉሮሮዬን ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ይከረክረኛል።
ትኩሳት? የለም። ምግብ? በላሁ።
ራሴን በመስኮቱ በኩል ጠየቅሁ፤ ራሴ መለስኩ።
አንድ የሚመጠጥ አነሣሁ፤ ሂሳቡን መሳቢያ ውስጥ ጣልኩ፤
አንኳኩቶ ለመጣማ ወንበር አይነፈግም፤
ጫማውን አይቼ፣ ግባ አልኩ።